ጋሽ ኑሩ ቤት የሣሉበት ዓመት

ጋሽ ኑሩ ሞቱ። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። «ጋሽ ኑሩ መጡ»፣ «ጋሽ ኑሩ ተቆጡ»፣ «ጋሽ ኑሩ ሣሉ» ማለት ለምጃለሁ፤ ይህኛው ግን ከስማቸው ጋር አልሄድ አለኝ። እስካሁንም አልሄደልኝም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቀጠሮ ነበረን። ትክል ድንጋይ ወደምትባለው ከተማ ልንሄድ ነው፤ እርሳቸው በገበያው ዳር ያሉትን አሮጌ ቤቶች ሊሥሉ፣ እኔ ዘመድ ልጠይቅ። ጎንደር መናኸሪያ ቀድሜ ደረስሁ። አንዱ አውቶቡስ ሞልቶ ወጣ፤ ሌላውም መሙላት ጀመረ። ጋሽ ኑሩ ቀጠሮ የሚያፈርሱ ሰው አልነበሩም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ተናደድሁና ባጃጅ ይዤ ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምላቸውን ስደረድር ነበር፤ «እኔን መናኸሪያ ገትረው እርስዎ ተኝተዋል!» ልላቸው።

ሰፈራቸው ስደርስ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ። የጎረቤት ለቅሶ መሰለኝ። አዘንሁ እንጂ አልደነገጥሁም። ገመድ የሚወጥረውን ሰው፣ «የማን ለቅሶ ነው?» አልሁት።

«የጋሽ ኑሩ።»

«የትኛው ጋሽ ኑሩ?»

ሰውየው አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። በዚያ ሰፈር ሌላ ጋሽ ኑሩ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ባለባጃጁ ወርዶ ክንዴን እስኪይዘኝ ድረስ መንገዱ መሐል መቆሜን እንኳ አላወቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግደው ተመለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ሻይ ስትጥድ፣ «ቶሎ በይ፣ ስንዱ ትጠብቀኛለች» አሉ። ስንዱ እኔ ነኝ። ጫማቸውን ሊያስሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጎንበስ አሉ፤ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ያ ብቻ ነው። ሕመም የለ፣ ጣር የለ፣ ኑዛዜ የለ። ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። ልቡ ሊቆም የተቃረበ ሰው ጫማውን ለመንገድ እንዴት ያስራል? ይህ እስካሁን አልገባኝም።

ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ጀናዛው ሲወጣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ግቢ ውስጥ ቀረሁ። ማታ በስልክ ሲስቁ የሰማኋቸው ሰው በማግስቱ ከቀትር በኋላ አፈር ለበሱ። እስላም ሬሳ እንደማያሳድር አውቃለሁ፤ ሥርዓቱም መልካም ነው። እኔ ግን ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። የዚያ ቀን ድንጋጤ እስካሁን አብሮኝ አለ፤ ከእርሱ ጋር ቁጭ ብዬ ነው ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው።

ጋሽ ኑሩ ከአያት ከቅድመ አያት በንግድ ከኖሩ የጎንደር ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። አባታቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁን የወረሱት ታላቅ ወንድማቸው ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ጋሽ ኑሩ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው እርሳስ እንጂ ሜትር አልያዘም። ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ የግንባታ ድርጅት የሕንፃ ንድፍ ክፍል ተቀጠሩ፤ ፀጉራቸው እስኪሸብት እዚያው ሠሩ። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ስገባ ከእርሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። የተጣመመ መስመር ሳሰምር አይቆጡም፤ ላጲሱን ያቀብሉኝና፣ «መስመር አደራ ነው፣ ስንዱ። ግንበኛው እኔንና አንቺን አያውቀንም፤ የሚያምነው መስመሩን ነው» ይሉኛል።

በምሳ ሰዓት ቢሮ የሚቀሩ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የቤት ፕላን ለማሠራት አቅም ያነሣቸው ሰዎች በዚያ ሰዓት እንደሚመጡ ዘበኛው ያውቃል፤ ዝም ብሎ ያስገባቸዋል። ጋሽ ኑሩ እያንዳንዱን ሰው፣ «በሩ ወዴት እንዲዞር ይፈልጋሉ? ጠዋት ፀሐይ ትወዳላችሁ ወይስ ከሰዓት?» ብለው ይጠይቁታል። አንዲት ክፍል ለምትሠራ ባልቴት የሚጠይቁት ጥያቄ ለባለ ፎቅ ከሚጠይቁት አያንስም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አዳራሽ ተጠራን። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፤ የንድፍ ክፍሉ በሙሉ ተሰናብቷል ተባለ። ሴቶቹ አለቀስን፤ ወንዶቹ ተንጫጩ። ጋሽ ኑሩ ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ብሄድ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ንድፍ ይጨርሳሉ።

«ጋሽ ኑሩ፣ አባረሩን እኮ! ከእንግዲህ ለማን ብለው ነው?» አልኋቸው።

«ለሚማሩት ልጆች ነዋ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ባላስታውሳቸው እወድ ነበር። እኔ ፒያሳ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈትሁ። እርሳቸው እንደ ሥራ ቀን ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ጠዋት ይመጡና የሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ። የመሥሪያ ቤት መውጫ ሰዓት ሲደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ የሚሞቱ ይመስለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢሞቱ ኖሮ ይህን ያህል አልደነግጥም ነበር።

አንድ ቀን፣ «ነይ ወንድሜ ዘንድ አድርሺኝ፤ ብቻዬን ከሄድሁ ሐሳቤን ያስለውጠኛል» አሉኝ። ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ደረስን። ሐጂ የሰው ፊት የማያጠቁሩ፣ ቃላቸው ግን እንደ ዳኛ ቃል የሚሰማ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ፣ መምጣትህ ደግ ነው» አሉ። «ሱቁ የአባታችን ነው። ከነገ ጀምረህ ግባ።»

«አንድ ዓመት ስጠኝ» አሉ ጋሽ ኑሩ።

«ምን ልትሠራበት?»

«ሥዕል ልሥልበት።»

ሐጂ ሳቁ። የወንድማቸው ፊት እንዳልሳቀ ሲያዩ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «በሃምሳ ዓመትህ?»

«በስድሳ ከምጀምር አይሻልም?»

«ፋጡማስ?»

«ፋጡማ፣ ‘ደጅ ላይ ተገትረህ ከምትውል ሣል’ ብላኛለች።»

ሐጂ ለረጅም ጊዜ ጨርቅ ሲያጥፉ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ዓመቱ ሲያልቅ ግን ክርክር የለም» አሉ። ጋሽ ኑሩም፣ «ክርክር የለም» ብለው እጃቸውን ሰጡ።

የመጀመሪያው ሥራቸው የእኔ የሱቅ ታፔላ ነው። «ያለ ማስመሪያ ነው የምሠራው» አሉ። ሲጨርሱ «ፎቶ ኮፒ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ታች ቁልቁል ይወርዳል። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። ጋሽ ኑሩ ከመንገዱ ማዶ ሆነው አዩትና፣ «ስንዱ፣ ይሄ ቃል ወደ ቀሐ ወንዝ መውረድ ጀመረ እንዴ?» ብለው እኔንም አሳቁኝ። እንዳልሰቅለው ለመኑኝ። ሰቀልሁት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ለቱሪስት ይሸጣል ብለው የነገሥታቱን ግንቦች ሣሉ፤ የሚገዛ ጠፋ። እርሳቸውም አልወደዷቸውም። «እይው እስቲ፤ ይሄን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ብሄድ የግንባታ ፈቃድ ይሰጡኛል። ሥዕል ግን አይደለም» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ እጅ አልታዘዝ አላቸው። ቀሐ ወንዝ ዳር ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ባዶ ወረቀት ይዘው የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። ሰፈሩም ማውራት ጀመረ፤ «ኑሩ ከሥራ ሲወጣ ነካ አደረገው» ተባለ። እትዬ ፋጡማ ይህን ስትሰማ የተናገረችውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ «የነካው ነገር አንተንም ይንካህ!» አለችው። እንደ ምርቃት ይሁን እንደ እርግማን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በኋላ በድርጅታችን ሾፌር የነበረ ሰው በዳባት በኩል ባለ አንድ ገጠር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል የሚያድሱ ሽማግሌ ሠዓሊ እንዳሉ ነገራቸው። አለቃ ውብነህ ይባላሉ። ጋሽ ኑሩ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሄዱ። አለቃ የልምምድ ወረቀታቸውን ገልብጠው አይተው፣ «ምነው፣ ቀለሙን እንዲህ የምትፈራው? አይነክስህ!» አሏቸው አሉ። ከዚያም፣ «ጉልበቴ አልወጣ እያለኝ ሥራው ቆሟል። የምትረዳኝ ከሆነ የማውቀውን አሳይሃለሁ» አሉ። ጋሽ ኑሩ የአንድ ዕድሜ ሙያቸውን አውጥተው ለሽማግሌው ደረጃና መደገፊያ ያለው መወጣጫ በባሕር ዛፍ እንጨት ሠሩላቸው። አለቃ ተቀምጠው የሚሥሉበት ሰፊ ቦታ ሳይቀር አለው። ጋሽ ኑሩ ራሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይገቡም፤ ግቢው ዳር ካለች ጎጆ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ ከሰዓት አለቃ ወጥተው ያስተምሯቸዋል።

የመንደሩ ሰው መጀመሪያ፣ «እስላም ምነው ከደብር ደጅ?» ብሎ ነበር። አለቃ፣ «እንግዳዬ ነው» አሉ፤ ነገሩ በዚያ አበቃ። ሳምንት ሳይቆይ ሁሉም «አያ ኑሩ» ይላቸው ጀመር። የአለቃ ሚስት ፍስክ በሆነ ቀን ለብቻ ድንችና ሽሮ እየሠሩ፣ «ሥጋው ለርስዎ አይሆንም፤ ይቺን ይቅመሱ» ይሏቸዋል። የሰው መልክ ግን አለቃ ቢለምኗቸው አልሣሉም። «ነፍስ ያለውን እርስዎ ይሣሉ፤ ለእኔ ሰው የሚኖርበት ቤት ይበቃኛል» አሉ። አለቃም ሳቁና፣ «ቤትማ ሸጋ ነው፤ ሰው እንዳለበት አስመስለህ ሣለው» አሏቸው።

ከዳባት ሲመለሱ ከስተው፣ ጠቁረው፣ ደስ ብሏቸው መጡ። ከዚያ በኋላ የሣሉት የጎንደርን አሮጌ ቤቶች ነው፤ በአራዳ፣ በአዲስ ዓለም፣ በወንዙ ማዶና ማዶ ያሉትን፣ ለመንገድና ለፎቅ ሊፈርሱ ቀይ ምልክት የተቀባባቸውን። አንዱን ቀን እኔም አብሬ ነበርሁ። የአንዲት አሮጊት ቤት ሊፈርስ ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው ደርሰዋል። ዕቃው ወጥቶ ደጅ ተከምሯል፤ አሮጊቷ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ቤታቸውን ያያሉ። ጋሽ ኑሩ ወደ ኃላፊው ቀረቡና፣ «ወንድሜ፣ እስከ ምሳ ታገሠኝ። ቤቱ ከምሳ በኋላም መፍረሱ አይቀርም» አሉት። ሰውየው እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ አሮጊቷን አየና ሠራተኞቹን ጥላ ሥር አስቀመጣቸው።

ጋሽ ኑሩ ሣሉ። አሮጊቷ ከሳጥናቸው ተነሥተው ከጀርባቸው ቆሙ። ጥቂት ቆይተው፣ «ልጄ፣ መስኮቷን ሰማያዊ አድርጋት። ባሌ በነበረ ጊዜ ሰማያዊ ነበረች» አሉ።

«እሺ እናቴ። እንደዚህ?»

«ደመቀ። ፀሐይ የመታው ሰማያዊ ነው።»

«እንደዚህ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሥዕሉ ሳይደርቅ ጋሽ ኑሩን አቀፏቸው። ጋሽ ኑሩ የዓመቱን ምርጥ ሥራቸውን ለእርሳቸው ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ከእኔ ጋር ተመለሱ። «ለምን ሰጡ? ዓመቱ ሲያልቅ ሊያሳዩ ላሰቡት ኤግዚቢሽን አይሆንም ነበር?» ብላቸው፣ «ቤቱ የእርሳቸው አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለሦስት ቀን እንዲፈቀድላቸው ለመኑና ሥዕሎቹን ሰቀሉ። ይመጣል ያልነው ሰው ጥቂት ነበር፤ አዳራሹ ሞላ። ሰው ሥዕል ሊያይ አልመጣም፤ ቤቱን ሊያይ መጣ። «ይሄ የእኛ ደረጃ ነው!»፣ «ይቺ እኮ የእነ እንትና በረንዳ ናት!» ይባባላል። ሐጂ እንድሪስ በመጨረሻው ቀን መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአንዱ ወደ አንዱ በዝግታ ሄዱ። ያደጉበት የአባታቸው ቤት ሥዕል ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጋሽ ኑሩ ከትዝታቸው ነው የሣሉት። ሐጂ ወደ ሥዕሉ ተጠግተው፣ «በርበሬው የሚሰጣበትን ጣሪያ አልረሳኸውም» አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «እሺ፤ ዓመቱ አልቋል። ምን አገኘህበት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ወደ ጋሽ ኑሩ ዞርን።

«ታላቅ ሠዓሊ አልሆንሁም» አሉ። «እሱን አውቃለሁ። የለፋሁበት ግማሹ ተቀዷል። ዕድሜ ልኬን ሰው የሚገባበትን ቤት ስነድፍ ኖርሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ገብቶበት አላየሁም፤ ወረቀቱን አስረክቤ ወደሚቀጥለው ነበር። ዘንድሮ ግን ቤት አየሁ፤ ሰውም አየሁ። ያሰናበቱኝ ዕለት የሞትሁ መስሎኝ ነበር፣ እንድሪስ። አልሞትሁም። ያገኘሁት ይኸው ነው። ክርክር የለም፤ ነገ ሱቅ እገባለሁ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ፣ «ሱቅ ምን ታደርግልኛለህ? ሜትር እንኳ መያዝ አትችል። ሌላ ዓመት ጨምሬልሃለሁ» አሉ። ጋሽ ኑሩ እንደ ሕፃን በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ከተጨመረላቸው ዓመት ወር እንኳ አልኖሩም።

በለቅሶው ሐጂ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ዓመት ሰጠሁት እኮ። ለካ ሰጪው እኔ አልነበርሁም።» ሰው ሊያጽናናቸው ይሞክራል፤ አይሰሙም። በሦስተኛው ቀን አለቃ ውብነህ በሰው ተደግፈው ከዳባት ወረዱ። ከሐጂ ጎን ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አይተዋወቁም ነበር፤ አንዳቸው በአንዳቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው ብዙ ቆዩ። አለቃ በመጨረሻ፣ «እኔ ነበርሁ መቅደም ያለብኝ። መወጣጫውን ሠርቶ፣ እኔን ላይ አውጥቶኝ፣ እሱ ወረደ» አሉ። ሐጂ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት። ከሴቶቹ በኩል ሆነን ሰማናቸው፤ ሁላችንም ተከተልናቸው።

ጋሽ ኑሩ፣

ሰው ቤት ሲገቡ ከደጅ ቆመው «ቤቶች! አሰላሙ አለይኩም!» ሳይሉ እግርዎን አያነሡም ነበር። ሲወጡም የቤቱን ባለቤት፣ እንግዳውን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ሳይቀር አንድ በአንድ ተሰናብተው ነበር የሚወጡት። እኔ እስኪሰለቸኝ በር ላይ ስጠብቅዎት ስንት ጊዜ ቆሜአለሁ! በዚያን ጠዋት ግን ምነው? እትዬ ፋጡማ ሻይ ጥዳ፣ ወንድምዎ ሱቁን ከፍተው፣ አለቃ በተራራው ላይ፣ እኛ ሁላችን በየሥራችን ሳለን፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሜዎታለሁ፤ ቅያሜዬም አይቆይም።

ፈልገው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በእርስዎ ምትክ እኔ ልዙር። ይህን የሚያነብ፣ እርስዎን የሚያውቅ ሁሉ፣ ፕላን የሠሩለት፣ ቤቱን የሣሉለት፣ በመንገድ ሰላም ያሉት፣ ጋሽ ኑሩ ደጁ ላይ ቆመው እጁን ጨብጠው እንደተሰናበቱት ይቁጠረው። ማንንም አልዘለልሁም።

አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። በሉ እንግዲህ፣ ደህና ይግቡ።